ግራ የገባው ፍሬቻ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው ብዙ ነገር ያጣል። መለዋወጫ ያጣል፣ ክረምት ላይ ደረቅ ምንጣፍ ያጣል፣ ዳገት ላይ ክብሩን ያጣል። ምክር ግን አያጣም። መንገድ ዳር ቆም ብሎ የኋላ ኮፈኗን ብድግ ያደረገ እንደሆነ ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ይመጣል፤ ሎተሪ አዟሪው ይመጣል፤ ከኪዳን የሚመለሱ አባት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ወቅት ቮልስ ነበራቸው። ያልነበራቸው አጎታቸው ነበረው። አጎት የሌላቸው ደግሞ "ጀርመን እኮ…" ብለው ይጀምሩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሱም እንደ ሥራ ልምድ ይያዝላቸዋል።

የእኔዋ ቮልስ በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራች 1300 ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አይጠይቅም፤ ቀለሟ አዲስ ነው፤ ያየ ሁሉ ያመሰግነዋል። የሰሞኑ ችግሯ ግራ ፍሬቻዋ ነበር። ሞተሩ ከፍሬቻ ጋር ዝምድና እንደሌለው ለመካሪዎቼ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ሰው ለምክር ሲመጣ የሚያየው ነገር ይፈልጋል፤ ሞተር ደግሞ ከአምፖል ይልቅ ዐይን ይሞላል።

የበሽታው ምልክት እንዲህ ነው። ቀኝ ፍሬቻ ያለ እንከን ብልጭ ድርግም ይላል። ግራው ግን በርቶ ይደርቃል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራትም አብራው ታፈጣለች። ፍሬን ስረግጥ የኋላው ግራ ፍሬቻ ጭራሹን ይጠፋል። ይባስ ብሎ ግራ ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር በቀኝ በኩል ያለው የፍሬን መብራት ማንም ሳያዘው ፈዘዝ ብሎ ይቀላል። ይኸን የመጨረሻውን ሲሰሙ "ይቺስ ጠበል ነው የሚያስፈልጋት" ያሉኝ አሉ። ለዝገት ባይመከርም ከሌሎቹ ምክሮች የከፋ አልነበረም፤ ጠበል ቢያንስ መለዋወጫ ግዛ አይልም።

እስከዚያው በእጅ ማሳየት ይቻላል። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ሁላችንም ተምረነዋል። ግራ ክንድ ወደ ጎን ሲዘረጋ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው፤ ከክርን ታጥፎ ወደ ላይ ሲቆም ወደ ቀኝ፤ ወደ ታች ሲወርድ ላዘግም ወይም ልቆም ነው። ትምህርቱ ግን ከፈተናው ክፍል በር አያልፍም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ክንዴን ወደ ጎን ብዘረጋ፣ ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ "እለፍ" ያልኩት መስሎት በግራዬ በኩል ጥሎኝ ሄደ። ወደ ቀኝ ልታጠፍ ክንዴን ባቆም አንድ የማላውቀው ሰው ከእግረኛ መንገድ ላይ ኮፍያውን አንሥቶ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" አለኝ። በዚህ ከተማ የሚታመነው የታክሲ ረዳት ክንድ ብቻ ነው። እሱ በመስኮት ወጥቶ መዳፉን ሲዘረጋ የጭነት መኪና ሳይቀር ይቆምለታል።

አንድ ወጣት ትራፊክ አስቆመኝ።

"ጋሼ፣ ፍሬቻ አላሳዩም።"

"በእጄ አሳይቻለሁ።"

"አይቻለሁ። ለሰው ሰላምታ እየሰጡ መታጠፍም ያስቀጣል።"

ሊብሬዋን ተቀብሎ ዓመተ ምሕረቷን ሲያይ ግን ፊቱ ፈታ አለ። መኪናዋ እሱንም ታላቅ ወንድሙንም ትበልጣቸዋለች። ሳይቀጣኝ በምክር አሰናበተኝ፤ ምክሩም "ባትሪው ይሆናል" የሚል ነበር።

እጅን አውጥቶ መታጠፍ ለቮልስ ነውር እንዳልሆነ ሳልነግረው ቀረሁ። እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአውሮፓ ገበያ የሚወጡት ቮልሶች ራሳቸው ክንድ ነበራቸው። ከበሩ በስተኋላ ካለው ምሰሶ ውስጥ ትንሽ ብርቱካናማ ክንድ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተስባ ብቅ ትላለች፤ ነጂው ሲያጠፋት ተመልሳ ትተኛለች። በአቧራ ወይም በብርድ ከተያዘች ነጂው ምሰሶውን ከውስጥ በቡጢ ይመታላታል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ፍሎረንስ ሎውረንስ የተባለች የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ቁልፍ ሲጫኑ ከመኪናው በስተኋላ የሚነሣ የምልክት ክንድ አሜሪካ ውስጥ ሠርታ ነበር። የፈጠራ መብት አላወጣችበትምና ሳንቲም አላገኘችበትም። የመኪና አምራቹ ቢዩክ በ1939 እ.ኤ.አ. ብልጭ ድርግም የሚለውን ፍሬቻ ከፋብሪካ አስገጥሞ መሸጥ ጀመረ። እኔ የምቀናው ግን በክንዷ ነው፤ ክንድ አምፖሏ ቢቃጠል እንኳ በቀን ትታያለች።

እኛ አገር ቮልስ ታሪክ ውስጥ የገባችው በፍሬቻዋ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸው ሮልስ ሮይስ ሳትሆን ቮልስ ነበረች። የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው፣ ጎንበስ ብለው ከኋላ ገቡ። የኋላ ወንበሬን ጠባብነት የሚያማርር ተሳፋሪ ሲያጋጥመኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ፤ ሁለተኛ አያማርርም።

ወደ በሽታው ልመለስ። የሰፈሩ ጉባኤ "ፍላሸሩ ነው" ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ፍላሸር ማለት ከዳሽቦርዱ ሥር ተደብቆ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚለው ትንሽ ጣሳ ነው። የአሮጌዎቹ ብልሃት ደስ ይላል። ውስጡ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቅ ቀጭን ብረት አለ፤ ሲሞቅ ይለጠጥና ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ መብራቱ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መብራቱ ይበራል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ እንዲል ያዛል፤ ይቺ ቁራጭ ብረትም ያለ አንዳች ኮምፒውተር እዚያው መሐል ትውላለች።

ነገር ግን ብረቷ የምትሠራው የለመደችውን ያህል ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ ባለ 21 ዋት አምፖል 1.75 አምፔር ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሲደመር 3.5 አምፔር ይሆናል። አንዱ አምፖል ከተቃጠለ ወይም በቅጡ ካልሳበ ብረቷ እንደ ልማዷ አትሞቅም። እንደ ፍላሸሩ ሥሪት ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይንቀራፈፋል፣ ወይ እንደ እኔው በርቶ ይደርቃል። ከድሮው ፍላሸር ጋር የኤልኢዲ አምፖል ገዝተው የሚያስገቡ ሰዎችም ግራ የሚጋቡት በዚሁ ነው፤ ኤልኢዲ ከመጠን በላይ ቁጥብ ስለሆነ ብረቷን የሚያሞቃት የለም። ፍላሸር ሲያምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን በሽታ እየተናገረ ነው።

ደግሞም ቀኝና ግራን የሚያገለግለው ያው አንዱ ፍላሸር ነው። ቀኙ በሰላም እየሠራ ፍላሸሩ እንዴት ይከሰሳል? ይህን ለጉባኤው ባቀርብ ተነጋገሩበትና "ግማሹ ተበላሽቶ ይሆናላ!" አሉኝ።

ለሰፈር ሰላም ስል ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም፤ የማይገኘው ፈልጋችሁ የሄዳችሁት ነው። ቮልስ በዓለም ላይ 21,529,464 ተሠርታ የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ይህ ሁሉ ቁጥር ባለበት ዓለም አንድ ፍላሸር መጥፋት አልነበረበትም። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ሳጥን አወጣና አቧራውን እፍ ብሎ "ኦርጅናል ጀርመን" አለኝ። ሳጥኑ ላይ የታተመው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። የጀርመኑ እግሮች ላይ የሚጻፈው 49፣ 49ኤ እና 31 ነው፤ 49 ኤሌክትሪኩ የሚገባበት፣ 49ኤ ወደ ፍሬቻው የሚወጣበት፣ 31 ደግሞ ማሳ፣ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበት። ባለሱቁ የሰጠኝ ላይ ያለው ግን ቢ፣ ኤል እና ኢ ነው።

"ፊደሉ ሌላ ነው እኮ" አልኩት።

"ፊደሉን ይተዉት ፋዘር። እግሩ ሦስት ነው፤ የእርስዎም ሦስት ነው።"

አዲሱ ፍላሸር ከአሮጌው የሚበልጠው በድምፁ ብቻ ሆነ።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ኤሌትሪሺያን ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። እግሩ በር ላይ ቀርቶ ጭንቅላቱ ለረዥም ጊዜ ጠፋ። እሱ ሲወጣ እኔም በባትሪ አየሁት፤ እዚያ ሥር የሦስት መንግሥታት ታሪክ አለ። በጃንሆይ ጊዜ ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ አለ፤ በደርግ ጊዜ በስልክ ሽቦ የተቀጠለ አለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የቴፑን ስፒከር ሽቦ ወስዶ በናስትሮ ጠቅልሎበታል። የጠጋኞቹ ሁሉ እምነት አንድ ነው፤ ከእነሱ በፊት የነበረው ሰው አያውቅም።

የፊውዝ ሳጥኑም የራሱ ጉድ ነበረው። የድሮ ቮልስ ፊውዞች ትንንሽ ጥይት የሚያካክሉ ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ጫፋቸው ዝገት ይይዝና ሳይቃጠሉ እንደ ተቃጠሉ ይሆናሉ፤ በጣት ሽክርክር ሲያደርጓቸው ነፍስ የሚዘሩበት ጊዜ አለ። ከእኔዎቹ አንዱ ግን የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ፊውዝ የተፈጠረው ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ራሱ እንዲቃጠል ነው፤ ወረቀቱን የጠቀለለው ሰው ተራውን ገልብጦታል። የቮልስ ባትሪ ደግሞ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ባትሪውን ነክቶ እሳት ያስነሣባቸው ቮልሶች በየአገሩ ይታወቃሉ። እንዲህ እሳት በሚቀርባት መኪና ላይ የሲጋራ ወረቀት የሚያመጣውን መዘዝ አስቡት። ወረቀቱን ነቅዬ ትክክለኛውን ፊውዝ ከተትኩ።

እንኳንም ከተትኩ፤ ወዲያው ሥራ ገጠመው። ወጣቱ ያደገው በጃፓን መኪና ላይ ነው፤ በብዙዎቹ ጥቁር ሽቦ ማሳ ነው። ጀርመኖቹ ግን ለማሳ የሰጡት ቡናማውን ነው፤ በእነሱ ዘንድ ጥቁሩ ከቁልፉ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። ልጁ ጥቁሩን ልጦ በልበ ሙሉነት ከብረት ጋር አሰረውና ቁልፍ አዞርን። ጧ አለ። ፊውዙ ተሠዋ፤ ቮልሷ ተረፈች። ለታሪክ ያህል፣ የግራ ፍሬቻ ሽቦ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለው ነው፤ የቀኙ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ መስመር ያለው ነው። ይህን አውቆ የሚገባ ሰው ከዳሽቦርዱ ሥር ግማሽ ቀን አይቆይም።

በመጨረሻ ከቄራ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን እንዳሉ ሰማሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አልተነሡም። ኮፈን ክፈት አላሉም።

"ፍሬን ስትረግጥ ይጠፋል?"

"አዎ ጋሼ፣ ይጠፋል።"

"ያኛው ወገን ይቀላል?"

"ይቀላል።"

"ቀለም መቼ አስቀባህ?"

ጥያቄው የፍሬቻ ሐኪም ጥያቄ አልመሰለኝም። ዘንድሮ መሆኑን ነገርኳቸው። "በል ልጄ፣ ያቺን ቁራጭ ሽቦ አቀብለኝ" አሉ። (ትራፊኩ ጋሼ ብሎኝ ነበር፤ ቄራ ስደርስ ልጅ ሆንኩ። አሮጌ መኪና የሚሰጠው ጥቅም ይኸ ነው፤ እሷን የሚያውቁ ሰዎች ፊት ሁሌም ልጅ ናችሁ።) የሽቦውን አንድ ጫፍ የግራው የኋላ መብራት ማቀፊያ ብረት ላይ አስነኩ፤ ሌላውን ጫፍ ቀለም በሌለበት ንጹሕ የቦዲ ብረት ላይ ያዙ። "አብራ" አሉኝ። ግራ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። ሽቦውን አነሡ፤ ደረቀ። መለሱ፤ ሠራ። ሻያቸውም ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

"ኤሌክትሪክ አስቸጋሪ እንግዳ ነው" አሉኝ፤ "መውጫ በሩን ሳያይ አይገባልህም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኪና ላይ ወደ አምፖሉ የሚሄድ ሽቦ አለ፤ መመለሻው ግን ራሱ የመኪናው ብረት ነው፤ ማሳ የሚሉት። ቮልስ ላይ የኋላ መብራቱ ፓራፋንጎው ላይ ይታሰራል፤ ፓራፋንጎውም ከቦዲው ጋር በቡሎን ይታሰራል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ዳር እስከ ዳር ላስቲክ ገብቷል። ስለዚህ መመለሻው መንገድ ቡሎኖቹ ብቻ ናቸው። እዚያ ዝገት ከገባ መንገዱ ይጠባል። ያ ሰው ሁሉ ያመሰገነው ቀለሜ ደግሞ ጨርሶ ዘጋው። ቀለም ቀቢው ትጉህ ሰው ነበርና ፓራፋንጎውን አውልቆ፣ ቡሎንና ዳዶውን ሳይቀር፣ መገጣጠሚያውን ሳይቀር፣ ግራውን ወገን አንድም ብረት ሳያስተርፍ ቀብቶልኛል። ቀኙ ላይ ሰንፏል መሰለኝ፤ ቀኝ ፍሬቻዬ የሚሠራው በስንፍናው ነው።

የዚያኛው ወገን መቅላትም ጠበል የሚያሻው አልነበረም። ወደ ግራው አምፖል የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ሲያጣ፣ እዚያው ማቀፊያ ውስጥ ባለው የፍሬን አምፖል ክር ውስጥ ወደ ኋላ ይገባል፤ የግራና የቀኝ ፍሬን መብራት በአንድ ሽቦ የተገናኙ ናቸውና በእሱ በኩል ወደ ቀኝ ተሻግሮ፣ በቀኙ ማሳ ይወጣል። ሦስት አምፖል አቋርጦ ስለሚወጣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከ12 ቮልቱ 4 ያህሉ ብቻ ነው፤ መፍዘዙም ለዚህ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ግን በፍሬኑ ሽቦም 12 ቮልት ይመጣል። በዚያ ወገን መውጣት አይቻልም፤ በዚህ ወገንም ማሳ የለም፤ ስለዚህ ግራው ፍሬቻ ይጠፋል። ይህን ሲያስረዱኝ ሰሞኑን ሁሉ ስፈራው የነበረው ጋኔን በሽቦ ላይ ሲሄድ አየሁት።

ቴስተር ያለው ሰው ቁራጭ ሽቦም አያስፈልገውም። ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ ፍሬቻውን አብርቶ፣ አንዱን ጫፍ የመብራቱ ማቀፊያ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማስነካት ነው። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ከሆነ ማሳው ደኅና ነው። ግማሽ ቮልት ካሳየ ይጠርጠር፤ አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ተገኝቷል። የድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ደግሞ የባሰ ስስ ናቸው፤ ያው 21 ዋት አምፖል እዚያ 3.5 አምፔር ስለሚስብ ትንሽ ዝገት ብዙ ትበላለች። አደጋ ጊዜ ሁለቱንም ፍሬቻ የሚያበራው ቁልፍ ያለባቸውም እሱን ቀድመው ቢፈትሹ አይጎዱም፤ የፍሬቻው ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ሳይነካ የከረመ ቁልፍ ውስጡ ዝጎ ሁለቱንም ወገን ይገድላል። ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ብቻ የሚያነቃው ጊዜ አለ።

ሽማግሌው ቡሎኑን ፈቱ፣ መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተጉ፣ መልሰው አጠበቁና ዝገት እንዳይመለስ ቫዝሊን ቀቡት። በላዩም ከማቀፊያው ወደ ቦዲው አንዲት ቡናማ ሽቦ ጨመሩ። የጠየቁኝ ገንዘብ ከፍላሸሩ ዋጋ ያነሰ ነበር። ቦሎ ስናሳድስ ግራ ቀኝ አብሩ አሉን፤ አበራን፤ አለፍን።

ሰፈር ስገባ ጉባኤው ግራ ፍሬቻዬን አየና ተደሰተ። "ፍላሸሩ ነው ብለን አልነበረም?" አሉኝ። አዲሱ ፍላሸር እውነትም እዚያው ተሰክቶ ነበርና ክርክሩን በምን አንሥቼ ልረታ? ጎረቤቴ ብቻ ዝም አለ። በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እሱ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ አምፖሉ ሲቃጠል ስክሪኑ ላይ ጽፎ ይነግረዋል። የሚነግረው በቻይንኛ ነው። መካሪዎቻችንን አሁን የምንጋራው እኔና እሱ ነን።

አሁን ፍሬቻው በደቂቃ የሚገባውን ያህል ብልጭ ይላል፤ የሚያምነው ግን የለም። በእኛ ከተማ ከፊት ያለ መኪና ግራ ፍሬቻ ሲያበራ ከኋላ ያለው "ሳይታጠፍብኝ ልለፍ" ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። ፍሬቻውን ከሳምንት በፊት አብርቶ የረሳው ሰው ስለበዛ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከፊታችሁ ቀለሟ ያማረ አሮጌ ቮልስ ግራ ፍሬቻ ካበራች እባካችሁ ትንሽ ታገሷት፤ እውነቷን ነው፣ ልትታጠፍ ነው።